ሰሊጥ ያስጣለ ጩኸት

ኡስታዝ ዛኪር የተማሪዎቹን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ አንድ የማሽላ ጆንያ ውስጥ ከተተና አፉን በሲባጎ ቋጠረው። ከዚያ ጆንያውን ከፒክአፑ ወንበር ኋላ ወርውሮ እጁን አራገፈ።

«ኻላስ! ከአሁን ጀምሮ ለሦስት ቀን እናት የለም፣ አባት የለም፣ ሱቅ የለም። ያላችሁ ቡድናችሁ ብቻ ነው» አለ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያለው የንግድ ኮሌጅ አዲስ ተማሪዎቹን ትምህርት ሳይጀመር ዱር ማውጣት የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ለዚሁ ሥራ ከካርቱም ያስመጣው ኡስታዝ ዛኪር ገመድ ይዞ ድንጋይ ያስወጣል፣ ዓይን አስሮ በጓደኛ ድምፅ ብቻ ያስኬዳል፣ ቦረቦር በግንድ ላይ ያሻግራል። ዱር ውስጥ ያልተማመነ ሰው ገበያ ውስጥም አይተማመንም ባይ ነው። ቦታው ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ፣ ከዶካ አለፍ ብሎ ያለ ድንጋያማ ጉብታ ነበር። ዙሪያው ዓይን እስኪደክም ድረስ ሰሊጥና ማሽላ ነው።

እንግዳው የሚባለውን ተማሪ ነገሩ አሳቀው። በዚያ አገር መሬት ላይ አራት የሰሊጥ አጨዳ ተኝቶበታል።

«አኑዋር፣ እስቲ ንገረኝ» አለ ድንኳን ሲተክሉ። «ሰው ከፍሎ ሜዳ ላይ ይተኛል?»

«አንተ ተከፍሎህ ተኝተህበታል። አሁን የኛ ተራ ነው።»

«የተከፈለኝ ለማጨዱ ነው። ለመተኛቱማ የከፈለኝ ወባው ነው።»

አኑዋር ሳቀና የድንኳኑን ካስማ ሳተ። የሐጂ በድሩ ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ ጉያ የተማረ። ሐጂ በድሩ ገበያው ውስጥ የታወቁ ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ ናቸው። እንግዳው ደግሞ መተማ ላይ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ለአጨዳ ከተሻገሩት አንዱ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ከተቀጠረ ጀምሮ ሁለቱ ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሦስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አኑዋር ዐረብኛ አስተማረው፤ እሱ ሒሳብ አስጠናው። ለኮሌጁም የተመዘገቡት በአንድ ቀን ነው።

ሐጂ በድሩ ሱቅ ያስገባው ግን አያ ስንሻው ነው። አያ ስንሻው የአገሩ ሰው፣ የአጨዳው ጓድ አለቃ፣ መጀመሪያ ድንበሩን ሲሻገር እጁን ይዞ ያመጣው ሽማግሌ ነው። «ይሄ ልጅ አይሰርቅም፣ አይዋሽም፤ ቢዋሽ እኔን ያዙኝ» ብሎ ዋስ ሆኖ ነበር ያስቀጠረው። እንግዳውም በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ሱቁን አስፈቅዶ ከጓዱ ጋር ያጭዳል፣ ከጓዱ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላል። ጥር ላይ ሰዎቹ አገር ሲገቡ ለእናቱ ስለ እሱ የሚያወራላት አያ ስንሻው ነው። ስሙ ያለው በዚያ ሰው አፍ ነው። ዘንድሮ ኮሌጅ መግባቱን ሲነግራቸው ሁሉም ተነስተው መርቀውታል። ጓዱ በዚህ ወር ከጉብታው በስተምሥራቅ ያለውን ማሳ ይዞ እንደሚያጭድም ሰምቷል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እያንዳንዱ ቡድን ካርታ ተሰጠው። ከቦረቦሩ ማዶ የተተከለ ባንዲራ አግኝቶ መመለስ ነው። አሸናፊው ቡድን ካርቱም ሄዶ ሁለት ሳምንት ትልልቅ ኩባንያዎችን ይጎበኛል ተብሏል። አኑዋር ይህን ከሰማ ጀምሮ ስለ ካርቱም ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቡድናቸው አምስት ነበር፤ ሁለቱ፣ አባቷ ገላባት ላይ የልብስ ሱቅ ያለው ሂያም፣ እና ሁለት የሱዳን ልጆች። ሊነሱ ሲሉ ኡስታዝ ዛኪር አኑዋርን ወደ ፒክአፑ ጠርቶ ጥቂት አነጋገረው። ሲመለስ ከንፈሩን እየነከሰ ነው።

«ምን አለህ?»

«ምንም። ስለ ውኃው ነው። ያላ፣ እንሂድ።»

ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ቦረቦሩ ጫፍ ሲደርሱ ከኋላ የነበረው አኑዋር ጮኸ። ዘወር ሲሉ ሣር ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጁ ይዟል። እጁን ሲያነሳ ሁለት የደም ነጥብ ታየ።

«እባብ!» አለ። «እዚያ ገባ!»

እንግዳው ሣሩን አላየም። በአራት አጨዳ ሁለት ሰው በእባብ ሲነደፍ አይቷል። አንደኛው አስፋልት ሳይደርስ ነው የሞተው፤ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እሱ ነው። ሸሚዙን አውልቆ ቀደደና ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሰረ።

«አትንቀሳቀስ። እንዳትተኛ። ዓይኔን እየኝ።»

የሱዳን ልጆቹ ተሸክመን ወደ ካምፕ እንመልሰው አሉ፤ አንድ ሰዓት ነው።

«ካምፑ ምን አለው? ገመድ ነው ያለው!» አለ እንግዳው። «መድኃኒቱ ዶካ ነው። ማሳውን አቋርጠን አስፋልት እናድርሰው።»

አኑዋር ክንዱን ያዘው። «እንግዳው… ካምፑ ይሻላል። ወደ ካምፕ ውሰዱኝ።»

«ዝም በል። መርዙ ነው የሚያናግርህ።»

አስፋልቱ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። አንድ ሰው በአራት ሰው ጫንቃ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ስንጥቁ እግር በሚውጥ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ በሁለት ሰዓት እንደማይደርስ እንግዳው ያውቃል። ስለዚህ አጠገባቸው ያለ ኩይሳ ላይ ወጣና ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ እሪ አለ።

በእነ እንግዳው አገር እንዲህ ያለ ጩኸት በዋዛ አይጮህም። ጩኸት የሰማ ሰው እህል በአፉ ቢኖር ይተፋል፣ ሞፈሩን ይጥላል፣ ጠላቱም ቢሆን የጮኸው ይሄዳል። ማን ነው፣ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ የሚመጣው ቃሬዛው ትከሻ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። በተራው ደግሞ፣ ያለ ነገር የጮኸ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ጎረቤት አይመጣለትም፤ ልጆቹ ድረስ «የእንትና ጩኸት» እየተባለ ይተረትባቸዋል። እንግዳው ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ላይ ከሩቅ «መጣን! መጣን!» የሚል ድምፅ መለሰለት።

ስምንት ሰዎች ነበሩ። ፊት ፊት የሚሮጠው አያ ስንሻው ነው፤ ማጭዱን መጣል ረስቶ በእጁ ይዞታል። ከማለዳ ጀምሮ ያጨዱት ሰሊጥ ገና ነዶ በነዶ መሬት ላይ ተኝቷል፣ እርስ በርሱ ተደግፎ በክምር፣ በሂላ፣ አልቆመም። የደረሰ ሰሊጥ ፍሬው አፉን ከፍቶ የነፋስ እጅ ነው የሚጠብቀው። የእርሻው ወኪል ከትራክተሩ ላይ ሆኖ እየተሳደበ ሲጠራቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ማንም አልዞረም። ሁለቱ ወደ ኋላ ሮጠው የሚያድሩባትን የሣር ዳስ፣ ራኩባዋን፣ አፍርሰው ሁለት ረጅም እንጨት ይዘው መጡ። ጋቢ ተወጠረ፣ አኑዋር ላዩ ላይ ተጋደመ፣ ቃሬዛው ተነሳ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ አያ ስንሻው፣ መንገድ ከጀመሩ በኋላ።

«የሐጂ በድሩ።»

«በድሩ? ያ ላቀው ወባ ሲይዘው በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ያደረሰው? ኧረ እግር አንሱ እናንተ!»

ላቀው የሚባለው ከፊት በስተቀኝ የተሸከመው ጎልማሳ ነው፤ ሲጨነቅም ሲደሰትም ከመቀለድ አይመለስም። «ደርሰንለታል፣ አይዞህ። ግን ምን ሲበላ ነው የኖረው? ይሄ ልጅ ሳይሆን የሱቁ ዱቄት ነው እኮ የተጫነብን!»

«ዝም ብለህ ተሸከም።»

«ዝም ካልኩማ ክብደቱ ይሰማኛል፣ አያ ስንሻው።»

እንግዳው ከቃሬዛው ጎን እየሮጠ የአኑዋርን እጅ ይዟል። በእባብ የተነደፈ ሰው መተኛት የለበትም፤ ስለዚህ ያወራዋል። «ከሰማኸኝ ጣቴን ጭመቅ» ይለዋል፤ አኑዋር ይጨምቃል። «ለሰፈራችን ሚካኤል ጥላ ተስያለሁ። አንተ ሙስሊም ብትሆንም እሱ አይቆጥርብህም። ጭመቅ።» ይጨምቃል። «እናትህ ፊት ብቻዬን እንዳታቆመኝ። ሰማህ? ጭመቅ።» አኑዋር ዓይኑን እንደጨፈነ እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። እንግዳው ሕመሙ ጠናበት ብሎ ተሸካሚዎቹን አጣደፈ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ላቀው እግሩ ስንጥቅ ውስጥ ገባና ታጠፈ። ቃሬዛው አዘመመ እንጂ አልወደቀም፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይዞታል። ሌላ ሰው ቦታውን ሲወስድ፣ «እኔን ደግሞ ማን ይሸከመኛል?» አለና እያነከሰ ተከተለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

አስፋልቱ ሲታያቸው የኮሌጁ ፒክአፕ ቆሞ አዩ። እንግዳው ደስታው ገደብ አጣ። ቀድሞ ሮጠ። «ኡስታዝ! መኪናውን አስነሳ! እባብ ነድፎታል!»

ኡስታዝ ዛኪር ግን እያጨበጨበ መጣ። አንገቱ ላይ የርቀት መነጽር ተንጠልጥሏል፤ ከጉብታው አናት ሆኖ ሲከታተላቸው ቆይቶ ነው ዞሮ የመጣው።

«ሙምታዝ! ግሩም ነው!» አለ። «አኑዋር፣ ኻላስ፣ ተነስ።»

ቃሬዛው መሬት ተቀመጠ። አኑዋር ቀስ ብሎ ቀና አለ፤ ከእግሩ ላይ የእንግዳውን ሸሚዝ ፈታ፣ ተነስቶ ቆመ።

«ተነሳ!» አለ ላቀው አማትቦ። «ተመስገን! ተነሳ እኮ!»

ኡስታዝ ዛኪር ፊቱ በደስታ እያበራ አስረዳ። በየቡድኑ አንድ ሰው በምስጢር ሕመምተኛ እንዲሆን ተመርጧል፤ የአኑዋር ቁርጭምጭሚት የተወጋው በመርፌ ነው፤ ምስጢሩን ያወጣ ሰው ቡድኑን ከውድድሩ ያስወጣል። ሌሎቹ ቡድኖች ሕመምተኛቸውን ወደ ካምፕ መልሰዋል። ይህ ቡድን ግን የማያውቃቸውን ሰዎች አስነስቶ ለዓላማው አሰለፈ። «አመራር ማለት ይሄ ነው!» አለና እንግዳውን ትከሻውን መታው። ከመኪናው ላይ የኮሌጁ ምልክት ያለባቸው ኮፍያዎች አውርዶ ለአጫጆቹ አንድ አንድ አደላቸው። ክፋት ፊቱ ላይ አልነበረም። የሠራው ሥራ የተሳካለት ሰው ፊት ነው።

አጫጆቹ ዐረብኛው የገባቸውን ያህል ገባቸው። የቀረውን የእንግዳው ፊት ነገራቸው። አያ ስንሻው የተሰጠውን ኮፍያ አገላብጦ አየና ፒክአፑ አፍንጫ ላይ አስቀመጠው።

«ልጁ አልተነደፈም?»

«አልተነደፈም፣ አያ።»

«ተመስገን» አለ መጀመሪያ። ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ እንግዳውን፣ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለው።

«አላውቅም ነበር። እናቴን!»

አያ ስንሻው ወደ አኑዋር ዞረ። ማጭዱ እስካሁን በእጁ ነው። «አንተ ልጅ፣ አንተ ንገረኝ። ይሄ ሲጮህ ያውቅ ነበር አያውቅም?»

እንግዳው አኑዋርን አየው። ልቡ ዐረፈ ማለት ይቻላል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው፣ ያንን ቃል የሚያውቀው ደግሞ ጓደኛው ነው። አኑዋር ማጭዱን አየ። ስምንቱን ሰዎች አየ፤ ላብና አቧራ ፊታቸው ላይ ጭቃ ሆኗል።

«ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ዓሚ…» አለ በተሰበረ ድምፅ። «ጨዋታ ነው። ለሁላችንም ነው የተነገረን። ሁላችንም እናውቅ ነበር።»

«ውሸት ነው!» አለች ሂያም። «እኔ አላውቅም። እንግዳውም አያውቅም። ወላሂ!»

አያ ስንሻው ሰማት። «እውነትሽን ይሆናል፣ ልጄ» አላት። «ግን ሁለት ቃል ሰማሁ። በቃሬዛ ነገር ምስክሩ ቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው ነው።»

አጫጆቹ ጋቢውን ከእንጨቱ ፈቱ፣ ሁለቱን እንጨት ተሸከሙ፣ የመጡበትን መንገድ ያዙ። ላቀው ኮፍያውን አድርጎ ነበር፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ አውልቆ ሰሊጥ ግንድ ላይ ሰቀለው።

እንግዳው አኑዋርን ካምፕ ሲደርሱ ለብቻው ያዘው። ሌሎቹ ተማሪዎች አሸናፊዎቹን እያጨበጨቡ ሊቀበሉ ተሰልፈው ነበር።

«ለምን?» አለው።

አኑዋር አለቀሰ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ መስሎት ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ ልናገር ብሎ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ በየእርምጃው መናገሩ እየከበደ ሄደ። «አንተ ስትሳልልኝ መሞት ተመኘሁ፣ ወላሂ።»

«እሱንስ ልተውልህ» አለ እንግዳው። «ሁለት ሰዓት ዋሸኸኝ፤ በጨዋታው ሕግ የታሰርክ ነበርክ እንበል። አስፋልቱ ላይ ግን ማን አሰረህ? ጨዋታው አልቆ ነበር እኮ።»

«ማጭዱን አላየኸውም? ብቻዬን ነኝ ብል ምን ያደርጉኝ ነበር? ሁላችን ካልኩ ይከፋፈላል ብዬ ነው።»

እንግዳው አሰበበት። ፍርሃቱ እውነት መሆኑን ተቀበለ፤ ሰው ሲፈራ የማይለው የለም። «እሺ። ፈርተህ ነው። አሁን የሚያስፈራ የለም። ተነስ፣ አብረን እንሂድና ያንን አንድ ቃል ንገራቸው። እኔ ፊትህ እቆማለሁ፤ ማንም አይነካህም።»

አኑዋር ወደ ድንኳኖቹ አየ። «አሁን ፎቶ ልንነሳ ነው። ኡስታዝ ይፈልገናል። ነገ እንሄዳለን፣ ኢንሻአላህ።»

«ሰዎቹ ነገ ከዚህ ይነሱ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን አድርግ ትለኛለህ? ለአባቴ እነግረዋለሁ፣ ለኡስታዝ እነግረዋለሁ፣ ክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። እዚያ ግን…» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነዚያ ሰዎች እኮ በጥር ይሄዳሉ፣ እንግዳው። እኔና አንተ ነን አብረን የምንኖረው።»

እንግዳው ኡስታዝ ዛኪር ዘንድ ሄዶ ነገሩን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረው። ሰውየው ደነገጠ። ሰሊጡን አላሰበም፤ ጩኸቱንም አያውቅም። ወዲያው መኪና አስነስቶ ወኪሉን ሊያናግር ሄደ፤ ይህን ማንም ሊክድበት አይገባም። አኑዋር ግን ፎቶው ላይ መሐል ቆመ፤ እንግዳውም ቦታውን ባዶ ትቶ በእግሩ ወደ ምሥራቅ ሄደ።

ማሳው ላይ ሲደርስ ሌላ ጓድ ነበር የሚያጭደው። ወኪሉ ለኡስታዝ ዛኪር አስቀድሞ የሰጠው መልስ ይሄ ነው፤ ሥራ ጥሎ የሚሮጥ ሰው አልፈልግም። ጠዋት ያጨዱት ነዶ በነፋሱ ተገለባብጦ፣ ፍሬው በመረሬው ስንጥቅ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተዘርቷል። የአያ ስንሻው ሰዎች ጓዛቸውን ቋጥረው መንገድ ዳር የጭነት መኪና ይጠብቃሉ። ወደ ራሃድ፣ ወደ ማሽላው አጨዳ ሊሄዱ ነው። ፀሐይ ሊገባ ሲል ትሪያቸውን አቅርበው ሊበሉ ተቀምጠዋል።

ሰላም አላቸው። መለሱለት። እንደ ልማዱ ከትሪው ዙሪያ ቦታ ይለቀቅልኛል ብሎ ቆሞ ጠበቀ። አያ ስንሻው ከትሪው ቆርሶ ወጥ አደረገበትና በድስት ክዳን ላይ ለብቻ አቀረበለት።

«ብላ። ርቦሃል።»

እንግዳው ክዳኑን ተቀበለ። እምቢ ቢል ሌላ ጥፋት ይሆንበታል፤ ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ለማንም ጀርባውን ሳይሰጥ፣ እስከ መጨረሻው በላ። እንዲህ ተለይቶ የሚበላ ሰው በአራት አጨዳ አንድ ብቻ አይቷል፤ የጓደኛውን ደመወዝ የሰረቀ ሰው ነበር።

መኪናው ሲመጣ ጓዛቸውን አብሯቸው ጫነ። ላቀው እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ መሬት ተቀምጧል፤ እንግዳው ብብቱን ይዞ ሲያነሳው ጆሮው ላይ፣ «እኔስ አምኜሃለሁ» አለው። «የእኔ ማመን ግን ምን ያደርግልሃል? እኔ ቀልደኛ ነኝ።»

አያ ስንሻው መጨረሻ ላይ ወጣ። ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል አየው።

«ጥር ላይ እናትህ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?»

«ያየኸውን ንገራት፣ አያ።»

«ያየሁትማ ጤነኛ ሰው መሸከሜን ነው።» ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። «የእኔ አፍ አንድ ነው፤ በድሩ ፊት ዋስ የሆነልህም ይሄው አፍ ነው። ያላጣራሁትን አልናገርበትም፣ ለክፉም ለደግም። ያ ልጅ ቃሉን ሊያቃና ከመጣ፣ እስከ ጥር ራሃድ ነን። ካልመጣ ስላንተ ምንም አልላትም።»

ምንም አለማለት እናቱ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጇ ደህና ከሆነ ሰው ያወራላታል፤ ዝም ሲሏት የባሰውን ነው የምታስበው።

«እነግረዋለሁ» አለ እንግዳው።

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። እንግዳው መንገዱ ላይ ቆሞ ራሃድ በምን እንደሚኬድ፣ ከሱቁ የትኛው ቀን ፈቃድ እንደሚገኝ፣ አኑዋርን በምን ቃል እንደሚለምነው አሰበ። ሦስት ዓመት አብሮት ኖሯል፤ ገና ሳይጠይቀው መልሱን ያውቀዋል። ነገ ይለዋል። በማግስቱም ነገ ይለዋል። እንደዚያው እያለው ጥር ይገባል።